ሽፍታ የሚባለው ቃል ድንበር ሲሻገር

ከሞያሌ የተጻፈ

የሞያሌ ከተማ በስም አንዲት፣ በመንግሥት ግን ሁለት መሆንዋ ለብዙዎቻችሁ የታወቀ ነው። በሰሜን ያለው ክፍልዋ በኢትዮጵያ፣ በደቡብ ያለው ክፍልዋ ደግሞ በኬንያ፣ በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ይተዳደራል። ሁለቱ መንግሥታት በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. መርቀው በከፈቱት የጋራ ኬላ በኩል መንገደኛው ወረቀቱን አስመርምሮ፣ ነጋዴው ቀረጡን ከፍሎ ይመላለሳል። ከኬላው ወዲያ የቦረና፣ የጋብራ፣ የቡርጂ፣ የገሪና የሌላም ወገን ሰው በአንድ ገበያ ይገናኛል፤ ኦሮምኛ፣ ስዋሂልኛ፣ ሶማልኛና አማርኛም በአንድ ሱቅ በር ላይ ይሰማሉ። አማርኛን በመማር ላይ ለምትገኙ ሹማምንት ስለ ቃላት ጥቂት ነገር ለመጻፍ ካሰብሁ ቆይቼ ነበር፤ ነገሩን ያገኘሁት ግን ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከዚሁ ገበያ ነው።

ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ኬንያው ሞያሌ በተሻገርሁበት ቀን፣ ከገበያው አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ ወተት ያለበት ሻይ አዘዝሁ። ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለው ራዲዮ በስዋሂልኛ ወሬ ይናገር ነበር። ስዋሂልኛዬ ትንሽ ስለ ሆነ ነገሩን ሁሉ አልተከተልሁትም፤ ነገር ግን በመካከሉ “ሺፍታ” የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። ሰው በባዕድ አገር ሳለ የአገሩን ቃል ሲሰማ ዘመድ ያገኘ ይመስለዋልና፣ እኔም ፈገግ ብዬ ከጎኔ የተቀመጡትን ሽማግሌ፣ “ይህ እኮ የእኛ ቃል ነው” አልኋቸው። ሽማግሌው በሜጋና በያቤሎ ገበያ ሲነግዱ የተማሩት አማርኛ ነበራቸው። ፈገግታዬን ግን አልመለሱልኝም።

“ልጄ፣ ቃሉ የእናንተ እንደ ሆነ እናውቃለን” አሉኝ፤ “የተጠራንበት ግን እኛ ነን።”

ይህን ነገር ለመረዳት የቃሉን ትውልድ ማወቅ ያስፈልጋል። ሸፈተ ማለት ከገዥው ትእዛዝ ወጣ፣ ጫካ ገባ፣ አልገዛም አለ ማለት ነው። ሽፍታ የሚለው ስም በአማርኛም በእኔ የእናት ቋንቋ በትግርኛም ያው ነው። ሽፍታ ሁሉ ወንበዴ አይደለም። መሬቱን በግፍ የተነጠቀ ሰው ይሸፍታል፤ ደም ያለበት ሰው ይሸፍታል፤ የቋራው ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው በ1847 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት ሽፍታ ነበሩ። የሸፈተ ሰው ምሕረት ለምኖ ቢገባ ሽፍትነቱ በዚያው ይቀራል። በአጭሩ ሽፍታ የሥራ ስም እንጂ የትውልድ ስም አይደለም፤ ልጅ ከእናቱ ማኅፀን ሽፍታ ሆኖ አይወለድም።

ቃሉ ወደ ደቡብ ሲሻገር የደረሰበት ነገር እነሆ። (የውጭውን አገር ዘመን እንደ አውሮጳ፣ የአገራችንን እንደ ራሳችን አቈጣጠር እጽፋለሁ።) ኬንያ በ1963 ዲሴምበር 12 ቀን ነጻ ስትወጣ የሰሜን ጠረፍ አውራጃ ይባል በነበረው ሰፊ ምድር ከሚኖሩት ወገኖች፣ በተለይም ከሶማሌዎች ብዙዎቹ ወደ ሶማሊያ ለመጠቃለል ይፈልጉ ነበር። ስላልተፈቀደላቸው ጦር አነሡ። አዲሱ መንግሥትም ወር ሳይሞላው በአውራጃው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ አወጀ። ለሚወጉትም ወገኖች ፖለቲካ ያለበት ስም መስጠት ስላልፈለገ “ሺፍታ” ብሎ ጠራቸው። ሚኒስትሩም ጋዜጣውም ራዲዮውም ይህንኑ ስም ያዙ፤ ጦርነቱም እስከ ዛሬ በታሪክ መጻሕፍት “የሺፍታ ጦርነት” ይባላል። በሌላው በኩል የሞቃዲሾ ራዲዮ በበኩሉ የኬንያን መንግሥት እያወገዘ አማፅያኑን ያበረታታ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ባላነበበበት በረሓ ራዲዮ ከጠመንጃ ቀድሞ ይደርስ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

እነዚያ ሽማግሌ በጋርባ ቱላ አካባቢ ግመል የሚጠብቁ ልጅ ነበሩ። ቦረና እንጂ ሶማሌ አይደሉም፤ ወታደር ግን ይህን አልጠየቃቸውም። መንግሥት ሕዝቡን ከሽፍታ ለመለየት ብሎ በተከለሉ መንደሮች ሰበሰበው፤ ከብትና ግመል ያለ ግጦሽ አለቀ፤ ከአጥር ውጭ የተገኘ ሁሉ በጠላትነት ይታይ ነበር። የዚያ አገር ቦረናዎች ያንን ዘመን “ጋፋ ዳባ” ይሉታል፤ የመቆም ዘመን ማለት ነው። ለአርብቶ አደር እንደ መቆም ያለ ቅጣት የለም። ጦርነቱ በ1967 ቢያበቃም የአስቸኳይ ጊዜው ሕግ እስከ 1991 ድረስ አልተነሣም። ሽማግሌው እንዳጫወቱኝ፣ በጐልማሳነታቸው ጊዜ ወደ ናይሮቢ ሲወርዱ በየኬላው የሚጠብቃቸው ጥያቄ ከየት እንደ መጡ ሳይሆን “አንተ ሺፍታ፣ ወረቀትህ የት አለ?” የሚል ነበር። እርሳቸው በዕድሜያቸው አንድ ጥይት ተኵሰው አያውቁም። የሥራ ስም የነበረው ቃል የትውልድ ስም የሆነው እንዲህ ነው፤ ያንንም ያደረገው በየቀኑ፣ በየሰዓቱ፣ በባለሥልጣን አንደበት በራዲዮ መደጋገሙ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ቃል አለ። በሶማልኛ “ዋሪያ” ማለት ወንድን ልጅ “አንተ!” ብሎ መጥራት ብቻ ነው። በኬንያ ከተሞች ግን ይኸው መጥሪያ ሶማሌውን ሁሉ በንቀት የሚጠሩበት ስም ሆኖአል። እናት ልጅዋን ለምሳ የምትጠራበት ቃል ለስድብ ሲውል ምን ይባላል? እኔ መልስ የለኝም።

ጦርነቱን ያቆመው የአሩሻ ስምምነት በዛምቢያው ፕሬዚዳንት በካውንዳ ሸምጋይነት በኦክቶበር 1967 ሲፈረም፣ ኬንያታና የሶማሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢጋል ከተስማሙባቸው ነገሮች አንዱ በራዲዮና በጋዜጣ እርስ በርስ የሚደረገው የጠላትነት ፕሮፓጋንዳ እንዲቆም ነው። ጠመንጃን ማውረድ ብቻውን እንደማይበቃ ሁለቱም መንግሥታት አውቀውታል።

ይሁን እንጂ ራዲዮ በዚያች አገር እንደገና ተከሰሰ። ከ2007 ዲሴምበር ምርጫ በኋላ በተነሣው ብጥብጥ ዳኛው ፊሊፕ ዋኪ የመሩት የምርመራ ኮሚሽን እንደ ቈጠረው 1,133 ሰዎች ሞተዋል፤ ኮሚሽኑም በየብሔረሰቡ ቋንቋ ይናገሩ የነበሩትን አንዳንድ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ነቅፎአል። በካለንጂን ቋንቋ የሚናገረው የካስ ኤፍ ኤም አዘጋጅ ጆሹዋ አራፕ ሳንግ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በሄግ እስከ መከሰስ ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2016 ኤፕሪል ማስረጃው አይበቃም ሲል ክሱን ዘግቶታልና ሰውየውን ወንጀለኛ ማለት አይገባም። ነገር ግን አንድ የራዲዮ ተናጋሪ ከፖለቲካ መሪ ጎን ለጎን በዚያ ወንበር ላይ መቀመጡ ሌሎቹን ተናጋሪዎች ሳያስደነግጥ አልቀረም።

የኬንያ ምክር ቤት በ2008 ባወጣው ሕግ በዘርና በብሔረሰብ ጥላቻ የሚያነሣሣ ንግግር እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 1 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። በዚሁ ሕግ የተቋቋመው ኮሚሽን በ2022 ኤፕሪል፣ ከምርጫው በፊት፣ ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ቃላትን ዝርዝር አወጣ። ቃላቱን ስመለከት ያስገረመኝ አብዛኞቹ ስድብ አለመሆናቸው ነው። “ማዶአዶአ” ነጠብጣብ ማለት ነው፤ ልብስ ላይ ያለ እድፍ። በሪፍት ሸለቆ ግን ከሌላ አገር መጥቶ በመካከላችን የሰፈረ ሰው ማለት ነው፤ እድፍ ደግሞ ይታጠባል። “ሜንዴ” በረሮ ነው። “ክዌክዌ” አረም ነው፤ አረምም ይነቀላል። እንግዲህ የቃሉ ክፋት በቃሉ ውስጥ የለም፤ ቀጥሎ በሚመጣው ግሥ ውስጥ ነው። ተናጋሪው ግሡን ይተወዋል፤ አድማጩ ይጨምርበታል። በፍርድ ቤት ሲጠየቅም “እኔ ስለ እርሻ ነው የተናገርሁት” ይላል።

በረሮ የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ሩዋንዳን ሳያስብ አያልፍም። በ1993 ጁላይ ሥራ የጀመረው አር ቲ ኤል ኤም የተባለው ራዲዮ ቱትሲዎችን “ኢንየንዚ”፣ በረሮዎች፣ እያለ ይጠራ ነበር። ጣቢያው ሙዚቃው ደስ የሚል፣ ተናጋሪዎቹ ቀልደኞች ስለ ነበሩ ወጣቱ ይወድደው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከኤፕሪል እስከ ጁላይ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ያንን ጕዳይ የዳኘው ፍርድ ቤት የተቀመጠው ያ የ1967ቱ ስምምነት በተፈረመባት በአሩሻ ከተማ ነው፤ በ2003 ዲሴምበር 3 ቀን የጣቢያውን መሥራቾችና አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ ጥፋተኞች አላቸው። ዳኞቹ በፍርዳቸው ውስጥ የቱትሲ ሴቶች በጋዜጣውና በራዲዮው እንደ አሳሳችና እንደ ወጥመድ ሆነው መሣላቸውን፣ ይህም በእነዚያ ሴቶች ላይ ለደረሰው ነውር መንገድ መጥረጉን ጽፈዋል። ዘርን የሚሰድብ አፍ ሴትን ሳይሰድብ አያልፍም፤ ይህን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ አገራችን። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜን ጦርነት በተነሣ ጊዜ እኔ በደቡብ በአንድ መሥሪያ ቤት ነበርሁ። ከጠዋቱ የሻይ ሰዓት ጋር ራዲዮ ይከፈት ነበር። በ2013 ሐምሌ ከመንግሥት ከፍተኛ ሥልጣን ላይ ያሉ ሰዎች ሕወሓትን “አረም” እና “ነቀርሳ” እያሉ ሲናገሩ ሰማን። ቃሉ የተባለው ስለ ድርጅቱ እንጂ ስለ ሕዝቡ እንዳልነበረ ተገልጾአል፤ ከዚያው ወገን የሚተላለፉት ጣቢያዎችም በበኩላቸው በስድብ አልሰነፉም። ይህን ሁሉ አልክድም። ነገር ግን ቃል ከራዲዮ ወጥቶ ወደ ሰፈር ሲደርስ ማብራሪያውን በመንገድ ጥሎት ይመጣል። በዚያ ክፍል ውስጥ ትግርኛ ተናጋሪ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ባልንጀሮቼም ደጎች ስለ ነበሩ ሁሉም ወደየስኒያቸው ያዩ ነበር። በቤቴም ከእናቴ ጋር በስልክ ስነጋገር ድምፄን ዝቅ ማድረግ ለመድሁ። አንድ ቀን ልጄ ለምን በሹክሹክታ እንደምናገር ጠየቀችኝ፤ ጕሮሮዬን አሞኝ ነው አልኋት።

በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ የተፈረመው ስምምነት ሁለቱ ወገኖች ከጠላትነት ፕሮፓጋንዳና ከጥላቻ ንግግር እንዲታቀቡ ያዝዛል። ስምምነቱን ሳነብ የአሩሻው ቃል ትዝ አለኝ። በመካከላቸው 55 ዓመታት አሉ።

ስለ ሴቶች የሚነገረው ነገር ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ሰው ሁሉ እየሳቀ የሚሰማው ስለ ሆነ ነው። በ2021 ማርች በናይሮቢ ሆምቦይዝ በሚባል ራዲዮ ሦስት የማለዳ ተናጋሪዎች፣ አንድ ወንድ ከፎቅ ወርውሮኛል ብላ ስለ ከሰሰች ወጣት ሴት ሲያወሩ ጥፋቱን በእርስዋ ላይ አዞሩት፤ ሴቶች ራሳቸውን በቀላሉ ስለሚሰጡ ነው የሚል ቀልድም ጨመሩበት። በማግሥቱ ብዙ ሕዝብ ተቈጣ። ትልቁ የቢራ ኩባንያ ማስታወቂያውን ከጣቢያው አነሣ፤ ሦስቱም ከሥራ ተሰናበቱ፤ የአገሪቱ የመገናኛ ባለሥልጣንም ዝግጅቱን ለ6 ወር አገደ፤ 1 ሚሊዮን ሽልንግም ቀጣ። ልብ በሉ፤ ያ የ2008ቱ ሕግ የሚናገረው ስለ ብሔረሰብ ጥላቻ በመሆኑ ለዚህ ነገር አልጠቀመም፤ የሠራው የስርጭት ደንቡና የቢራው ገንዘብ ነው።

በአሜሪካም ነገሩ እንዲሁ ነበር። ዶን አይመስ የተባለ ስመ ጥር የራዲዮ ሰው በ2007 ኤፕሪል 4 ቀን ስለ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲናገር፣ ከተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩና፣ ጠጕራቸውን ነቅፎ ጋለሞቶች ብሎ ሰደባቸው። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ስድብ፤ አንዱ ለቆዳቸው፣ አንዱ ለሴትነታቸው። ልጃገረዶቹ ለዋንጫ እስከ መጨረሻው ጨዋታ ደርሰው ተሸንፈው የተመለሱ ተማሪዎች ነበሩ እንጂ ለእርሱ ምንም አላደረጉትም። ማስታወቂያ ሰጪዎች አንድ በአንድ ሲሸሹ ሲ ቢ ኤስ በስምንተኛው ቀን አሰናበተው። ዓመቱ ሳያልቅ ግን በሌላ ጣቢያ ተመልሶ ሲናገር ይሰማ ነበር።

የእኛ የ2012 ዓ.ም. አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ ከኬንያው በዚህ ይሻላል፤ የጥላቻ ንግግርን ሲተረጕም ብሔርን፣ ሃይማኖትንና ዘርን ብቻ ሳይሆን ጾታንና የአካል ጉዳትንም ይጠቅሳል። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰም እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ነገር ግን አዋጅ ምሳሌያዊ አነጋገርን አይከስስም። በአንድ እሑድ ቤቴ ውስጥ ራዲዮ ተከፍቶ ሳለ አንድ የተከበረ እንግዳ ስለ ሴት ሹማምንት ሲጠየቅ “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ” ብሎ ሳቀ፤ ጠያቂውም ሳቀ። የዘጠኝ ዓመትዋ ልጄ የሒሳብ ደብተርዋን ዘርግታ ተቀምጣ ነበርና ቀና ብላ፣ “አባዬ፣ የሒሳብ መምህራችን እትዬ እኮ ሴት ናቸው፤ የእኛ ትምህርት በማን ያልቃል?” አለችኝ። ራዲዮውን ዘጋሁት። አሁን ሳስበው ባልዘጋውና ብመልስላት ይሻል ነበር።

አማርኛን ለምትማሩ ሹማምንት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ይጠቅማችሁ ይሆናል። መምህሮቻችሁ የሚያስተምሯችሁ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ የሚሉት ቃላት ሰዋስው ብቻ አይደሉም። ጋዜጠኛ ሚኒስትሩን “ክቡርነትዎ” ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ በዚያው ዝግጅት ውስጥ ሰባ ዓመት የሞላውን የቦረና ሽማግሌ “አንተስ ምን ትላለህ?” ቢል፣ አንድም የስድብ ቃል ሳይናገር ሰድቦታል። ሽማግሌው አማርኛ ባይችልም ልዩነቱን ያውቃል። ሴትዋን ዳኛ “አንቺ”፣ ወንዱን ዳኛ “እርስዎ” ማለትም እንዲሁ ነው፤ ወንድን ለማዋረድ “አንቺ” ማለት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ሴትነትን ራሱን ስድብ ያደርገዋልና።

“ዘላን” የሚለውንም ተዉት። በአሮጌ ደብዳቤዎችና መጻሕፍት ታገኙታላችሁ፤ ወዲያና ወዲህ የሚዘልል፣ ቤት የሌለው የሚል ንቀት አለበት። አሁን በመንግሥት ጽሑፍም በራዲዮም “አርብቶ አደር” ይባላል፤ ትክክልም ነው። የቦረና ሰው ሲንቀሳቀስ የሚዘልል አይደለም። ጥልቅ የሆኑት የቱላ ጕድጓዶች በማን ተራ እንደሚቀዱ “አባ ሄሬጋ” የሚባል ሹም በየዕለቱ ይወስናል፤ የማን ከብት አስቀድሞ፣ የማን ከብት ኋላ እንደሚጠጣ ሕግ አለው። ከእኛ መሥሪያ ቤቶች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ተራ ቢኖራቸው በወደድሁ።

ቀድሞ በአማርኛ መጻሕፍትና በመንግሥት ራዲዮ ጭምር ኦሮሞን ይጠሩበት የነበረውን ስም ደግሞ እዚህ አልጽፈውም። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ከመንግሥት አፍ ወጥቶአል። ድንገት በአሮጌ መዝገብ ላይ ብታገኙት ትርጕሙን ከቦረና ሰው አትጠይቁ።

የሞያሌ ሰው የክፉ ቃልን ፍጻሜ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። በ2013 መጨረሻ በኬንያው ሞያሌ ግጭት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። በእኛው ሞያሌ ደግሞ መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ወታደሮች በሰላማዊ ሰዎች ላይ ተኵሰው ዘጠኝ ሰዎች በሞቱ ጊዜ፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ በተቃራኒው ወደ ኬንያ ሸሸ። አንዱ ባንዱ ቤት በየተራ ስደተኛ ሆኖአል። ስለዚህ እዚህ ሰው ራዲዮ ሲሰማ አንድ ጆሮው ሁልጊዜ በመንገዱ ላይ ነው። ሽማግሌው እንደ ነገሩኝ፣ ከሁለቱም ጊዜ በፊት ምልክቱ አንድ ነበር፤ በሻይ ቤት የሚቀልዱ ሰዎች ዝም ይላሉ።

የሻይ ቤቱ ባለቤት ወሬው ሲያልቅ ራዲዮውን አዙራ የማርሳቢትን ጃንግዋኒ ራዲዮ አገኘች። የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ጣቢያ ነው። ስለ ዝናም ይናገሩ ነበር። ሽማግሌው ሂሳቤን ካልከፈልሁ ብለው ብዙ ታገሉኝ፤ በመጨረሻ እኔ አሸነፍሁ። ልነሣ ስል በኪሴ ያለውን ደብተር አይተው፣ ያ ቃል በእናንተ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ አሳየኝ አሉኝ። ጻፍሁላቸው። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አቅርበው፣ በጣታቸው እየነኩ ቈጠሩት።

“ሦስት ብቻ ነውን?” አሉ።

“አዎን፣ ሦስት ፊደል ነው” አልኋቸው። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። ኬላው ከመዘጋቱ በፊት መድረስ ነበረብኝና ተሰናበትኋቸው።